የሚያፋጥጥ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛና የመንግሥት ቃል አቀባይ፦ ባጁን መንጠቅ ለምን አይበጅም?

ጥያቄ፦ «የአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ቃል አቀባይ ከሆንኩ አራት ወር ሞላኝ። በየሳምንቱ በምንሰጠው መግለጫ ላይ አንድ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ያፋጥጠኛል። መልሴን ሳልጨርስ ያቋርጠኛል፣ አንዱን ጥያቄ ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግመዋል። ባለፈው ሳምንት ‹ሚኒስትሩ 40 ፕሮጀክቶች ተጠናቀዋል ብለው ነበር፤ ሰነዱ የሚለው ግን 31 ነው። ዋሹ ወይስ አልዋሹም?› አለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ‹ሚኒስትሩ ውሸታም አይደሉም!› አልኩት። ማታ በዜና የወጣችው እሷው ብቻ ናት። አለቃዬ የመግቢያ ባጁን እንድነጥቀው ይፈልጋሉ። ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ፦ ከባጁ ልጀምር፤ ነገ ጠዋት ሊፈጸም የሚችለው ጥፋት እሱ ነውና። አይንጠቁት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 2018 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በሰጡት መግለጫ ላይ የሲኤንኤኑ ጋዜጠኛ ጂም አኮስታ ማይኩን አልለቅም ብለው ጥያቄያቸውን ቀጠሉ። ያኑ ዕለት ማታ ዋይት ሀውስ የመግቢያ ፈቃዳቸውን አገደ። ጣቢያው ከሰሰ፤ ኖቬምበር 16 ቀን አንድ የፌዴራል ዳኛ ፈቃዱ በጊዜያዊነት እንዲመለስ አዘዙ። ዳኛው የያዙት ነጥብ የሥነ ሥርዓት ነው፦ ዕገዳውን ማን እንደወሰነ፣ በየትኛው ደንብ እንደወሰነ፣ ጋዜጠኛው መልስ የሚሰጥበት ዕድል ማግኘቱ አይታወቅም ነበር። እዚያው ዋሽንግተን ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደግሞ ገና እ.ኤ.አ. በ1977 እንዲህ ያለ ፈቃድ ሲከለከል ምክንያቱ ሊነገር ይገባል ብሎ ነበር። ዋይት ሀውስ ከሽንፈቱ በኋላ ነው የተጻፈ ደንብ ያወጣው፦ ለአንድ ጋዜጠኛ አንድ ጥያቄ፣ ተከታይ ጥያቄ በመላሹ ፈቃድ፣ ከዚያ ማይኩን ማስረከብ።

እርስዎ ከደንቡ ይጀምሩ። አንድ ገጽ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ጋዜጠኛ አንድ ጥያቄና አንድ ተከታይ ጥያቄ፣ ከዚያ ማይኩ ወደ ቀጣዩ፤ ጊዜ ከተረፈ ሁለተኛ ዙር። ተከታዩን ጥያቄ በፈቃድ ሳይሆን በመብት ይስጡ፤ ጋዜጠኛ ሁለተኛ ዕድል እንዳለው ካወቀ የመጀመሪያውን መልስ የማቋረጥ ፍላጎቱ ይቀንሳል። ደንቡን ከሚቀጥለው መግለጫ ሦስት ቀን ቀድመው ለሁሉም ይላኩ። ለወዳጅ ጋዜጠኛ አራት ጥያቄ ፈቅደው እሱን በሁለት ካስቆሙት ደንቡ እዚያው ፈርሷል፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ይቆጥራል። ተራው ሲደርስ እሱን መዝለልም ከባጅ ነጠቃ ብዙ አይሻልም። ሲዘለል ከጎኑ ያለው ባልደረባው የራሱን ተራ ትቶ የእሱን ጥያቄ ይጠይቅለታል፤ ያኔ የአንድ ሰው ጥያቄ የነበረው የአዳራሹ ሁሉ ጥያቄ ይሆናል። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ ይጥሩት። መጨረሻ ላይ ከጠሩት መግለጫው የሚዘጋው በእሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እንዲህ ያለ ጋዜጠኛ ጉልበት የሚያገኘው እሱ በሚያውቀውና እርስዎ በሚያውቁት መካከል ካለው ክፍተት ነው። ባለፈው ሳምንት እሱ ሰነዱን ይዞ ነበር፤ እርስዎ አልያዙትም። ቁጣዎ የመጣው ከዚያ ነው እንጂ ከጠባይዎ አይመስለኝም። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው መግለጫው ከመጀመሩ በፊት ነው።

መጀመሪያ የጋዜጠኛውን ያለፉ አራት መግለጫዎች ጥያቄ በሙሉ ከቀረጻው ቃል በቃል ይጻፉ። ከዚያ በሦስት ይክፈሏቸው፦ እውነተኛ መረጃ ላይ የቆሙ፣ መነሻቸው የተሳሳተ፣ ለማናደድ ብቻ የተወረወሩ። ድምፁ ሻካራ ስለሆነ ሁሉም ሦስተኛው ክምር ውስጥ የሚገቡ ይመስላል፤ በወረቀት ላይ ሲነበቡ ግን የመጀመሪያው ክምር ብዙውን ጊዜ ከተጠበቀው በላይ ይወፍራል። ለዚያ ክምር መድኃኒቱ የአነጋገር ዘዴ ሳይሆን መረጃ ነው። ስለ ፕሮጀክቶቹ የጠየቀውም እዚያ ውስጥ ይገባል፤ «ዋሹ» የሚለው ቃል ቢጎረብጥም በ40 እና በ31 መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛ ጥያቄ ነው።

መግለጫው ከመጀመሩ ሦስት ሰዓት ቀድመው ከክፍል ኃላፊዎች ጋር ይቀመጡና ከ15 እስከ 20 ጥያቄ ያውጡ። ለእያንዳንዱ አራት ነገር ይጻፉ፦ የምናውቀው፣ የምንናገረው፣ የማንናገረውና ምክንያቱ፣ መረጃውን ያረጋገጠው ሰው ስም። አራተኛው ብዙ ቦታ ይረሳል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምይዘው እሱን ነው። «እንደዚያ ነው ተብሏል» የሚል መልስ አይቀበሉ። «ሰነዱን አይተኸዋል? ቀኑ ስንት ነው? ማን ፈረመበት?» ብለው ይጠይቁ። ጋዜጠኛው እርስዎን ከማፋጠጡ በፊት እርስዎ የራስዎን ባልደረቦች ያፋጥጡ።

ይህ ሲዘለል የሚሆነውን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬጋን ቃል አቀባይ ሌሪ ስፒክስ አይተውታል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1983 አንድ የሲቢኤስ ጋዜጠኛ አሜሪካ የካሪቢያኗን ደሴት አገር ግሬናዳን ልትወር ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ስፒክስ የብሔራዊ ደኅንነት ሠራተኞችን ጠየቁ፤ ነገሩ ከእውነት የራቀ ነው፣ በደንብ አስተባብል የሚል መልስ ተሰጣቸው፤ እሳቸውም ያንኑ ለጋዜጠኛው ነገሩ። በማግስቱ ጠዋት ወረራው ተጀመረ። ስፒክስ አውቀው አልዋሹም፤ የሚያውቁት አካላት ሸሽገዋቸው ነው። በውጭ ጉዳይ የሚረዷቸው ምክትላቸው በዚሁ ምክንያት ሥራ ለቀቁ።

ስለዚህ ከአለቃዎ ጋር ስለ ባጁ ከመነጋገርዎ በፊት ሦስት ነገር በግልጽ ይጠይቁ፦ ውሳኔ በሚሰጥባቸው ስብሰባዎች መቀመጥ፣ በማንኛውም ሰዓት ለሚኒስትሩ በቀጥታ መደወል፣ ያልተረጋገጠ ነገር ናገር ሲባሉ እምቢ ማለት። ምስጢር የሚነግሩዎት እንዲናገሩት እንዳልሆነ፣ ሳያውቁ እንዳይክዱት እንደሆነ ያስረዱ። እነዚህን ሦስቱን የማያገኝ ቃል አቀባይ የቱንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን ደጋግሞ ይወድቃል።

ቀጥሎ ልምምድ። አንድ ባልደረባዎ ያን ጋዜጠኛ ሆኖ ለ20 ደቂቃ ያፋጥጥዎት፤ ያቋርጥዎት፣ ይድገም፣ ድምፁን ከፍ ያድርግ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቢያንስ ሦስት ተከታይ ጥያቄ ይኑረው፤ ሰው የሚወድቀው መጀመሪያው ላይ ሳይሆን ሦስተኛው ላይ ነው። በስልክ ይቅረጹትና መጀመሪያ ድምፁን ዘግተው ይመልከቱት። የሚጨበጥ አትሮኖስ፣ የሚጠብቅ መንጋጋ፣ ወደ ወረቀት የሚሸሽ ዓይን የሚታየው ያኔ ነው።

ቴሌቪዥን እንዴት እንደሚሠራም ይወቁ። አንድ የዜና ዘገባ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ ከዚያ ውስጥ ለእርስዎ የምትደርሰው አሥር ሰከንድ ገደማ ናት። በአሥር ሰከንድ ረጋ ብሎ የሚነገር አማርኛ 20 ቃል ያህል ነው። የጋዜጠኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይወጣና መልስዎ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ የክሱን ቃል በራስዎ አፍ አይድገሙት። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1973 አጭበርባሪ አይደለሁም ማለታቸው እስካሁን የሚታወሰው ለማስተባበያነቱ ሳይሆን ለቃሉ ነው። የእርስዎም «ሚኒስትሩ ውሸታም አይደሉም» ከዚያው ወገን ነው፤ ተመልካቹ ጥያቄውን ባይሰማም «ሚኒስትሩ» እና «ውሸታም» የሚሉትን ጎን ለጎን ከመንግሥት ቃል አቀባይ አንደበት ሰምቷል።

በአማርኛ ለሚናገር ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ አደጋ አለ፤ ሥልጠናዎች ላይ ሲነሳ ስለማልሰማው ረዘም አድርጌ ልግለጸው። የእኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ አሉታውም አብሮት እዚያው ነው። «ሚኒስትሩ ሆን ብለው የተሳሳተ ቁጥር ለሕዝብ…» እንዳሉ ጋዜጠኛው ቢያቋርጥዎት «አልሰጡም» የምትለዋ ሳትደርስ ክሱን በራስዎ ድምፅ አንብበውለታል ማለት ነው። ቪዲዮ የሚቆርጠው ባለሙያም እዚያ ላይ መቁረጥ ይችላል። መከላከያው ሁለት ነው። አንደኛ፣ መልሱን አስቀድመው ያስቀምጡና ይቁሙ፦ «አይደለም።» ከዚያ አዲስ ዓረፍተ ነገር። ሁለተኛ፣ ዓረፍተ ነገሮቹን ከስምንት ቃል አያስበልጡ። «ምክንያቱም»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ከዚህ ጋር በተያያዘ» እያሉ የሚያስሩት ረጅም ሐረግ በጽሑፍ መግለጫ ላይ ያምር ይሆናል፤ አትሮኖስ ላይ ግን የማቋረጫ በር ነው።

የድምፁም ነገር እንዲሁ ነው። አትሮኖሱ ላይ ያለው ማይክ ከአፍዎ ሁለት ስንዝር ቢርቅ ነው፤ ጋዜጠኛው አራት አምስት ሜትር ርቆ ተቀምጧል። እርስዎ አዳራሹ ውስጥ ጩኸቱን በጆሮዎ ይሰማሉ። ከአትሮኖሱ ማይክ በሚወሰደው ቀረጻ ላይ ግን የእሱ ጩኸት ከሩቅ እንደሚመጣ ማጉረምረም ሆኖ ይቀራል፤ የእርስዎ መልስ ቁጣ ሆኖ ይወጣል። ቤቱ የተቀመጠው ተመልካች የሚያየው በትሕትና በጠየቀ ሰው ላይ የሚቆጣ ባለሥልጣን ነው። ለጠያቂዎች የሚዞር የእጅ ማይክ ያዘጋጁ፤ ከዋናው ድምፅ ጋር ይቀዳ። ጥያቄው በሙሉ ኃይሉ ሲሰማ የእርስዎ እርጋታም ይታያል።

ሲያቋርጥዎት ይቁሙ። አብረው አይናገሩ። እሱ ሲጨርስ ካቆሙበት ቃል ሳይሆን ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይነሱ። «ልጨርስና ወደ እሱ እመጣለሁ» ማለት አንድ ጊዜ ይፈቀዳል፤ ሦስት ጊዜ ሲባል ልመና ይመስላል። ጠይቆ ዝም ብሎ ሲያይዎትም ዝምታውን ለመሙላት አይቸኩሉ። መልስዎን ጨርሰው ከሆነ ወደ ቀጣዩ ይዙሩ፤ ያልታሰበበት ነገር ከአፍ የሚያመልጠው በዚያች ባዶ አራት ሰከንድ ውስጥ ነው።

መነሻው የተሳሳተ ጥያቄ ሲመጣ ስህተቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያርሙና ጥያቄውን ይመልሱ። አርመው ብቻ ካለፉ ያመለጡ ይመስላል። «አዎ ወይስ አይደለም?» ብሎ ሁለት መጥፎ በሮች ሲከፍትልዎ ከሁለቱ በአንዱ የመግባት ግዴታ የለብዎትም፤ ግን ለምን እንደማይገቡ ይናገሩ።

አንዱን ጥያቄ መደጋገሙን በተመለከተ ሁለት ታዋቂ ስህተቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በሜይ 1997 የቢቢሲው ጄረሚ ፓክስማን የቀድሞውን የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ማይክል ሃዋርድን የእስር ቤቶችን ዋና ኃላፊ ውሳኔ እሽራለሁ ብለው አስፈራርተው እንደሆነ 12 ጊዜ ጠየቋቸው። ሃዋርድ በየጊዜው በሌላ መንገድ ዞሩ፤ የቀረው መልሳቸው ሳይሆን ቁጥሩ ነው። በጁን 2011 ደግሞ የዚያው አገር የሌበር ፓርቲ መሪ የነበሩት ኤድ ሚሊባንድ ስለ ሥራ ማቆም አድማ በተቀረጸ አጭር ቃለ ምልልስ ላይ ምንም ቢጠየቁ አንዱኑ መልስ በተመሳሳይ ቃላት ደጋገሙ። አንዷ ቁራጭ ብቻ ትወጣለች ብለው ነበር፤ ሙሉ ቀረጻው ወጣ። እንግዲህ መዞርም እንደ ቴፕ መደጋገምም አያዋጣም። የሚሠራው ይህ ነው፦ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቁ የማይመልሱበትን ምክንያትና የሚመልሱበትን ጊዜ ይናገሩ። ሦስተኛ ጊዜ «የነገርኩህ ምክንያት አልተለወጠም፤ ሰነዱ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ይደርስሃል» ይበሉና ማይኩ ይዙር።

«አስተያየት የለኝም» የሚለውን ይተዉት፤ ተመልካች የሚተረጉመው «አዎ» ብሎ ነው። መናገር የማይቻልበት እውነተኛ ምክንያት አለ፦ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው፣ የግለሰብ የግል መረጃ ነው፣ ገና አልተወሰነም፣ የሰዎችን ደኅንነት ይነካል። ምክንያቱን ይጥሩት። ምስጢር ለመጠበቅ ብለው ግን እውነት የሆነውን ነገር «የለም» አይበሉ። «እንዲህ ባሉ ጉዳዮች ላይ ቢኖርም ባይኖርም አንናገርም» የሚለው ይሻላል፤ ይህ ግን የሚሠራው ምንም ነገር በሌለበት ቀንም ያንኑ ከመለሱ ብቻ ነው። በሌለበት ቀን «የለም»፣ ባለበት ቀን «አንናገርም» ካሉ ሁለተኛው መልስዎ ራሱ ዜና ነው።

«አላውቅም» ማለት አያዋርድም። የሚያዋርደው «አጣርቼ እነግርሃለሁ» ብሎ መጥፋት ነው። አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብሎ እንዲህ ያሉ ቃል የተገቡ መልሶችን ይመዝግብ፤ እያንዳንዱ ሰዓት ይቆረጥለት፤ መልሱ ሲገኝ ለጠየቀው ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ይላክ። የተሳሳቱትንም ያኑ ዕለት፣ የተሳሳተውን ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው ያርሙ። የኒክሰን ቃል አቀባይ ሮናልድ ዚግለር እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 1973 በኋላ ፕሬዚዳንቱን ከሥልጣን ስላስለቀቀው የዋተርጌት ቅሌት እስከዚያ ቀን የተናገሩት ሁሉ ከእንግዲህ «አይሠራም» አሉ። ወራት የፈጀ ክህደት በአንድ ቃል አይታረምም፤ ጋዜጠኞችም ያቺን ቃል እስከ መጨረሻው አልለቀቁላቸውም።

አሁን ያንን ጥያቄ እንየው፦ «40 ብለው ነበር፣ 31 ነው፤ ዋሹ ወይስ አልዋሹም?» መልሱ የሚወሰነው ባገኙት እውነት ነው። ሚኒስትሩ የያዙት ዝርዝር ርክክብ ያልተፈጸመባቸውን ዘጠኝ ፕሮጀክቶች የሚጨምር ከነበረ፦ «ትክክለኛው ቁጥር 31 ነው። ዘጠኙ ገና ርክክብ አልተፈጸመባቸውም። ሚኒስትሩ የያዙት ዝርዝር አንድ ላይ ቆጥሯቸው ነበር። ያ ስህተት ነው፤ ዛሬ ታርሟል።» 20 ቃል ነው፤ በአሥር ሰከንድ ያልቃል። ከየትኛውም ዓረፍተ ነገር ላይ ቢቆረጥ አይጎዳዎትም፤ «ውሸት» የሚለው ቃልም የለበትም። «ታዲያ ማን ነው የቆጠረው?» ብሎ መከተሉ አይቀርም። ለዚህም ክፍሉን እንጂ አንድን ዝቅተኛ ሠራተኛ አሳልፈው አይስጡ። ሁለቱም ቁጥር በተለያየ አቆጣጠር ትክክል ከሆነ ሁለቱንም አቆጣጠር በጽሑፍ ያድሉ፤ በቃል ሲነገር ማምታታት ይመስላልና። ሚኒስትሩ 31 መሆኑን እያወቁ 40 ብለው ከሆነ ግን ለማስተባበል አትሮኖሱ ላይ አይውጡ። ወደ ሚኒስትሩ ይሂዱ፤ ያንን መናገር ያለባቸው እሳቸው ራሳቸው ናቸው፣ በራሳቸው አንደበት። እርስዎ አንድ ጊዜ አውቀው ከዋሹ በኋላ ያ ጋዜጠኛ በየሳምንቱ የሚያቀርበው ጥርጣሬ ሁሉ ትክክለኛ ይሆናል።

ከካሜራ ውጪ ያለው ግንኙነት ላይም ይሥሩ። ውስብስብ ቁጥር ያለበት ቀን ከመግለጫው በፊት ካሜራ የሌለበት የ20 ደቂቃ ማብራሪያ ከክፍሉ ባለሙያ ጋር ያዘጋጁ። ካሜራ ፊት ጠያቂውም ለተመልካች ይጫወታል። የፕሬዚዳንት ክሊንተን ቃል አቀባይ የነበሩት ማይክ ማኩሪ እ.ኤ.አ. በ1995 ዕለታዊው መግለጫ ሙሉውን በካሜራ እንዲቀረጽ ፈቅደው በኋላ ተጸጽተዋል። ጋዜጠኛውን በወር አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ያግኙት። የሚነገረው በስም ይጠቀስ ወይስ አይጠቀስ የሚለውን ከመናገርዎ በፊት ይስማሙ፤ ከተናገሩ በኋላ «ይሄ እንዳይወጣ» ማለት ዋጋ የለውም።

ዘገባው ላይ ቅሬታ ካለዎት ቅደም ተከተሉ ጋዜጠኛው፣ ከዚያ አዘጋጁ፣ ከዚያ ደብዳቤ ነው። መጀመሪያ ለጣቢያው ኃላፊ መደወል ሰውየውን ጠላት ያደርገዋል። የሚያነሱትም መረጃ እንጂ ቃና አይሁን፦ በየትኛው ደቂቃ ምን ተባለ፣ ትክክሉ ምንድን ነው፣ ማስረጃው የት አለ። ለዚህ ሙሉውን መግለጫ ሁልጊዜ ራስዎ ይቅረጹ። ቆራርጦ ትርጉሙን ከለወጠው ያለ ምንም ሐተታ ሙሉውን ይልቀቁት።

ለመጪው መግለጫ እንግዲህ፦ 31ን የሚያረጋግጠውን ሰነድ እስከ ነገ ይያዙ። እርማቱን ከመግለጫው አንድ ቀን ቀድመው ለሁሉም ጣቢያ በአንድ ሰዓት ይላኩ፤ ለእሱ ደግሞ ደውለው መላክዎን ይንገሩት። በዕለቱ መክፈቻዎ ላይ እርማቱን ሳይጠየቁ ያንብቡ፣ ያለፈው ሳምንት ቁጣዎ ልክ እንዳልነበረ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ፣ ከዚያ ሁለተኛ ላይ ይጥሩት።